አንድ ሣህሉ፣ አምስት መስኮት

ይህን ነገር የሚሰማ ሰው አጥርቶ ይስማ፤ አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ አንዲት ቃልም ሳይጨምር። ሰውዬው ሣህሉ ይባላል። ሲጻፍ በንጉሡ ሠ እና በሃሌታው ሀ ነው። በእሳቱ ሰ አይደለም፤ በሐመሩ ሐም አይደለም። ሲጠሩ ድምፃቸው አንድ ነውና ምን ልዩነት አለው የሚል ቢኖር፣ ልዩነቱን ወደፊት ይደርስበታል። ቀኑ ሐሙስ ነበር እንጂ ዓርብ አልነበረም። ያንኳኳው አምስት ጊዜ ነው፤ ሰባት ጊዜ ነው የሚሉ አሉ፣ እነርሱ ግን በቦታው አልነበሩም።

ነገሩ የሆነው ሀገረ መስኮት በምትባል ሀገር ነው። በዚያች ሀገር የሰው ቤት ሁሉ በር አለው፤ የመንግሥት ቤት ግን በር የለውም። ሕዝቡ ከመንግሥቱ ጋር የሚገናኘው ባደባባዩ ዳር በቆመ ረጅም ግንብ ላይ በተደረደሩ መቶ መስኮቶች ነው። ከመቶው መስኮት ኋላ የሚቀመጠው ጸሐፊ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙም ጸሐፊ መንክር ይባላል። አንድ ሰው በመቶ መስኮት እንዴት ሊገኝ ይችላል ብሎ ለጠየቀ ሁሉ «አሠራሩ ነው» የሚል መልስ ይሰጠው ነበር። መልሱ አጭር ስለነበረ ሰው ሁሉ በቃሉ ያዘው፤ ከዚያም ወዲያ የጠየቀ የለም።

የማንኳኳቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ባለጉዳዩ ከግንቡ ሥር የተተከለችውን የእንጨት ሰሌዳ ፈጠን አድርጎ ሁለቴ ይመታል። አንዴ ብቻ የመታ እንደነካካ እንጂ እንዳንኳኳ አይቆጠርም። ሁለቴ ሲመታ ባለ ጥላ የሚባለው ሹም ብቅ ይላል። የባለ ጥላ ሥራ ባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላ ማሽከርከር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም፣ ለዚህም ሥራው ካባ ይለብሳል። እያሽከረከረ «ጸሐፊው እየተዘጋጁ ነው፤ ይታገሡ» ይላል። ጥላው እስኪቆም ባለጉዳዩ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ከዚያ መስኮቱ ይከፈትና ጸሐፊ መንክር ከትልቁ መዝገብ የተገለበጠ አንድ ገጽ ይዞ ይገለጣል።

ሰሌዳው እንደገና ሁለቴ የተመታ እንደሆነ ደግሞ ሌላ መስኮት ይከፈታል፣ በዚያም ሌላ መንክር ይቀመጣል። ያው ፊት፣ ያው ሳል፣ በግራ ጉንጩ ላይ ያችው ጥቁር ነጥብ። አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያውቅም። በሀገሪቱ አነጋገር እያንዳንዱ ግልባጭ ይባላል። ጉዳዩ ሲያልቅ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «ይቀመጥ ወይስ ይጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ይቀመጥ ከተባለ ገጹ በትልቁ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የነበረውንም ይሸፍነዋል። ስለዚህ በሀገረ መስኮት እውነት ማለት መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ነው።

ሣህሉ ስም ቀራጭ ነበር። በሀገሪቱ ልማድ ቤት የሠራ ሰው ስሙን ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ ያስቀርጻል፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን ስም በመሮ ሲቀርጽ የኖረው እሱ ነው። «ፊደል ያለቦታው ከገባ ቤቱ ራሱ የተንጋደደ ይመስለኛል» ይል ነበር። ወገቡ አይታጠፍም። መሮው ከእጁ ቢወድቅ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያነሣለት ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አያጎነብስም። ለመሮ ሲሆን እንዲህ የሚታገሥ ሰው፣ ለመስኮት ሲሆን ትዕግሥት አልፈጠረበትም።

ልጁ ትርንጎ እሑድ ልትዳር ነው። የሀገረ መስኮት ሕግ ደግሞ ሙሽራን የሚመርቃት ስሙ በትልቁ መዝገብ የሰፈረ አባት ብቻ ነው ይላል። በመዝገቡ አባት ያልተመረቀች ሙሽራ በባሏ ቤት «እንግዳ» ተብላ ትጻፋለች፤ በየዓመቱም እየመጣች እንግድነቷን ታሳድሳለች። አሮጌውን መዝገብ ምስጥ ስለበላው ሰው ሁሉ እንደ አዲስ እንዲመዘገብ ታውጆ ነበር። ሣህሉም ሐሙስ ጠዋት ነጭ ኩታውን አጣፍቶ ወደ ግንቡ ሄደ።

ሰሌዳውን ሁለቴ መታ። ባለ ጥላ ብቅ ብሎ ማሽከርከር ጀመረ።

«ጸሐፊው እየተዘጋጁ ነው፤ ይታገሡ።»

«ምን አድርጎ ነው የሚዘጋጀው? የምትዳረው ልጄ ናት ወይስ እሱ?» አለ ሣህሉ።

«ይታገሡ።»

ከኋላው የተሰለፈችው እትዬ ጌጤ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ናት። «ጋሼ ሣህሉ፣ ጥላው ሲዞር ዝም ብሎ ማየት ነው እንጂ» አለችው። «እኔማ ባለፈው ስጠብቅ ቀለሞቹን ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ስምንት ናቸው።»

«እኔ ቀለም ልቆጥር አልመጣሁም» አለና ሰሌዳውን ደግሞ ሁለቴ መታ። ይህ ሁለተኛው ነው። ጥቂት ቆይቶ፣ አልሰሙኝ ይሆናል በሚል፣ ሦስተኛውን መታ። አራተኛውን የመታው በንዴት ነው። አምስተኛውን ለምን እንደመታው ኋላ ሲጠየቅ እሱም ሊያስረዳ አልቻለም፤ መዶሻ ሲመታ የኖረ እጅ ነውና ለምዶበት ነው ይላል።

«ኧረ ጋሼ! ስንት መንክር ሊያስነሡብን ነው?»

«አንድ ጊዜ ነው ያንኳኳሁት!» አለ ሣህሉ፤ ፊቱንም አላዞረም።

ጥላው ቆመ። የመጀመሪያው መስኮት ተከፈተና ጸሐፊ መንክር ስም ጠየቀ።

«ሣህሉ። በንጉሡ ሠ፣ በሃሌታው ሀ።»

መንክር እንደተባለው ጻፈ። ሣህሉ አንገቱን አስግጎ አየና፣ የሌላ ሰው ጽሕፈት የማይጥመው ቀራጭ ሆኖ ሳለ የመንክርን እጅ በልቡ አመሰገነ። ደስታውን ሳይጨርስ ግን ከወዲያ ማዶ ሌላ መስኮት ተከፈተ። «ስም?» አለ ሁለተኛው መንክር። «ስም?» አለ ሦስተኛው። በሀገሪቱ ሥርዓት የተከፈተ መስኮት መልስ ሳይሰጡት አይዘጋም። ሣህሉ ወገቡን እንዳቀና ከግንቡ ሥር ወዲያና ወዲህ መሮጥ ጀመረ፤ ያየው ሰው የሚሮጥ ምሰሶ ይመስለው ነበር። ሲሮጥ ደግሞ ንጉሡ ሠ፣ ሃሌታው ሀ ለማለት ትንፋሽ አይበቃም።

«ሣህሉ! ሣህሉ ብያለሁ! ሣህሉ!»

እያንዳንዱ መንክር እንደመሰለው ጻፈ። ሁለተኛው ሳህሉ አለ፤ ሦስተኛው ሣሕሉ አለ፤ አራተኛው ብዙኃኑን ኀ አምጥቶ ሳኅሉ አለ። አምስተኛው በእሳቱ ሰ እና በሐመሩ ሐ ሳሕሉ ብሎ ጻፈ፤ በዚህኛውም ከትክክለኛው ስም የተረፈችው ሉ ብቻ ናት።

ሦስተኛው መንክር «የሙሽራዋ ስም?» ሲል፣ አራተኛው በዚያው ቅጽበት ከሌላ ቅጽ እያነበበ «የሟች ስም?» አለ።

«ትርንጎ!» ብሎ ጮኸ ሣህሉ ለሦስተኛው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለ አራተኛው፤ ጻፈም።

«አንተ! ልጄን ገደልካት እኮ!»

«የሞተችበት ቀን?» አለ አራተኛው፣ ብዕሩን ቀለም እያጠቀሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአምስቱም መንክር ጉልበት እየከዳቸው ሄደ። መስኮቱ አምስት ይሁን እንጂ ሰውየው አንድ ነው፤ የሚተነፍሱትም በአንድ ሳንባ ነው። አንዱ ሲስል አራቱ ይጠብቁታል። አንዲት ፊደል ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ አንዲት ፊደል በድንጋይ ለመቅረጽ ከሚወስደው ጊዜ በለጠ። በመጨረሻ አምስቱም አፋቸውን ከፍተው፣ ብዕራቸውን አንጠልጥለው፣ ባሉበት ቀሩ።

«ደረቀ!» አለ ሰልፉ በአንድ ድምፅ። በሀገረ መስኮት ሰው እንዲህ የሚጮኸው ለእሳት ቃጠሎና ለደረቀ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ሊቀ መስኮት አንዳርጌ መጡ። እኒህ ሹም የመስኮቶች ሁሉ አለቃ ናቸው፤ የደረቀውን መስኮት አስገድደው የሚዘጉበት ረጅም ዘንግ ይይዛሉ። «አምስት የከፈተው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሰልፈኛው ሁሉ ጣቱን ወደ ሣህሉ ቀሰረ። ሣህሉም ጣቱን ቀሰረ፤ ወደ ማን እንደቀሰረ ግን አልታወቀም።

«እያንዳንዳቸውን በዘንጉ ነካ ሳደርጋቸው ለአንድ ጥያቄ ያህል ይነቃሉ» አሉ ሊቀ መስኮት። «ቶሎ መልስ ይስጡ። ከዚያ እዘጋለሁ።»

የመጀመሪያው ተነካ። «ይቀመጥ ወይስ ይጣል?»

«ይቀመጥ!» አለ ሣህሉ። ሣህሉ በንጉሡ ሠ በመዝገቡ ተለጠፈ፤ መስኮቱ ተዘጋ።

ሁለተኛው ተነካ። «ይጣል!» ሦስተኛው ተነካ። «ይጣል!» አራተኛው፣ ትርንጎ የሞተችበት፣ ተነካ። «ይጣል! አርቃችሁ ጣሉት!»

አምስተኛው መስኮት በግንቡ ጫፍ ነው። ሣህሉ እዚያ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ አፉን ቢከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ጌጤ የምትቀመጥበትን ዱካ ይዛ ተከትላዋለች። መንክር ነቃና ሽማግሌውን ትክ ብሎ እያየ ጠየቀ።

«ይቀመጥ ወይስ ይጣል?»

ሣህሉ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ጌጤ ደረቷን መታች። «ኧረ ይቀመጥ! ሽማግሌ ሰው እንዴት ይጣላል? ምን ዓይነት ዘመን መጣ? ይቀመጥ እንጂ!» ዱካውንም ከበስተኋላው አስጠጋች።

«ይቀመጥ ተብሏል» አለ መንክር። ሳሕሉ፣ በእሳቱ ሰ እና በሐመሩ ሐ፣ ከሁሉ በላይ ተለጠፈ። ሊቀ መስኮት አምስተኛውን መስኮት በዘንጋቸው ዘጉ። ሣህሉም፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለመን፣ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

ጌጤ ነገሩ ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እሳቸውን ነው ያልኩት! ስለ ወረቀቱ ምን አውቄ!»

«ቃሉ ተሰምቷል» አሉ ሊቀ መስኮት።

«እንደገና ላንኳኳ» አለ ሣህሉ።

ይህን ሲል ሰልፉ በሙሉ «እንዳያደርጉት!» ብሎ ጮኸ።

«ጉዳይዎ ተዘግቷል» አሉ ሊቀ መስኮት። «የተዘጋ ጉዳይ ላለበት አባት ሕጉ አንድ መንገድ ትቶለታል፤ ሁለት ወረቀት ላይ መፈረም። በመጀመሪያው ስምዎ ከዛሬ ጀምሮ ሳሕሉ መሆኑን ያምናሉ። በሁለተኛው ደግሞ በመዝገቡ ያለው ሳሕሉ ዋናው መሆኑን፣ እርስዎ ግልባጩ መሆንዎን ያምናሉ። ከዚያ ስለ ዋናው ሆነው ልጅዎን ይመርቃሉ።»

«እኔ ነኝ ግልባጩ?»

«ዋናው ምንጊዜም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ በየመንገዱ የሚዞረው ግልባጭ ነው። በግል አይያዙት፤ እኔም ግልባጭ ነኝ። አሠራሩ ነው።»

«ባልፈርምስ?»

«ዋናው ራሱ መጥቶ ይመርቃታል።»

ሣህሉ ሁለቱን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ወሬው ቀድሞት ስለነበር ትርንጎ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አምስት ጊዜ!» አለች።

«ሰባት የሚሉም አሉ።»

«አባባ፣ እማዬ በሕይወት ብትኖር ምን ትልዎ ነበር?»

«ስድስተኛውን ሳትመታ በመመለስህ ተመስገን ትለኝ ነበር» አለ፤ ሣቁም ሳያስበው አመለጠው። «አምስት ሆኜ ቆሜ፣ ትርንጎ፣ አንዱን እንኳ ማዳን ያቃተኝ ሰው ነኝ። አንድ ሆኜ ቀስ ብል ኖሮ ይኼኔ ጨርሼ ተመልሼ ነበር።»

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ትርንጎ ሁለቱንም አነበበች።

«ፊደሉን ይተዉላቸው፣ አባባ። እኔ የምፈልገው ምርቃትዎን ነው። ምርቃት ሲሰማ በየትኛው ሰ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ይህ ለስም ቀራጭ የሚባል ነገር አልነበረም። ሣህሉ ግን ብዕሩን አነሣ፤ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ በገዛ እጁ፣ ሳሕሉ ብሎ ፈረመ። የሰውን የፊደል ስሕተት ሁሉ ሲያርም የኖረ እጅ የራሱን ስም አሳስቶ ጻፈ። ሁለተኛውን ወደ ራሱ ሳበ፤ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ይህንንስ?» አለች ትርንጎ።

«በዚህ ከፈረምኩ የምመርቅሽ እኔ አይደለሁም። የምናገረው ሁሉ የዚያ ገጽ ይሆናል፤ እኔ አፉ ብቻ ነኝ። ተቅማጥ ይዞሽ ያደርሽ ጊዜ አዝሎሽ የሮጠው ማነው? ገጹ ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልፈርም?»

 «ገጽ አፍ የለው፤ እንግዲህ በቤቴ እንግዳ ልባል ነዋ» አለች ትርንጎ፤ ድምፅዋ አልጨከነም፣ አልለሰለሰምም። ሣህሉ ብዕሩን እንደገና አነሣ። እጁ ወረቀቱ ላይ ደረሰ። መልሶ አስቀመጠው።

«ይተዉት» አለች። «ለወደቀ መሮ ያልታጠፈ ወገብ ለእኔ ይታጠፋል ብዬ መጠበቄ የእኔ ሞኝነት ነው።» ቀልድ መሆኑንና አለመሆኑን ሣህሉ ከፊቷ ሊያነብ ሞከረ፤ ፊደል የሚያነብ ዓይኑ ግን ይህን አላነበበም።

እሑድ ሠርጉ ሆነ። በዳሱ መካከል፣ የሙሽራዋ አባት በሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ከመዝገብ ቤት የመጣው ገጽ በቀይ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ሊቀ መስኮት በቀኙ ቆሙ፤ ባለ ጥላ በግራው ቆሞ ጃንጥላውን ማሽከርከር ጀመረ። ሣህሉ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከጌጤ አጠገብ፣ ተቀመጠ። ሙሽሮቹ በወንበሩ ፊት ተንበረከኩ።

«ዋናው አባት እየተዘጋጁ ነው፤ ይታገሡ» አለ ባለ ጥላ።

ጥላው ዞረ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሚዜዎቹ እግር እየቀያየሩ ቆሙ። የሙሽራው አጎት ለገጹ በአክብሮት እጅ ነሥተው «ምናልባት ውኃ ይፈልጉ ይሆን?» ብለው ጠየቁ፤ በሀገረ መስኮት ከመዝገብ ጋር እንዲህ በትሕትና ነው የሚነጋገሩት። ገጹ ዝም አለ። ትንሽ ነፋስ መጥቶ ጫፉን ሲያነሣው ዳሱ ሁሉ «አሁን ሊናገሩ ነው» ብሎ ጸጥ አለ። ነፋሱ አለፈ፤ ገጹም ተኛ።

«ይታገሡ።»

«ጋሼ፣ ስምንት ቀለም ነው አላልኩዎትም?» አለች ጌጤ በሹክሹክታ።

«ዘጠኝ ነው» አለ ሣህሉ። «አንዱ ደብዝዞ ነው እንጂ ቡናማም አለበት። ልቆጥር አልመጣሁም ብዬ ነበር፤ ይኸው ቆጠርኩ።»

ፀሐይ ከዳሱ አናት ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ትርንጎ ከተንበረከከችበት ተነሣች። የሙሽራውን እጅ ይዛ ገጹ የተቀመጠበትን ወንበር አለፈችው። አንደኛውን ረድፍ አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች፤ ሦስተኛው ረድፍ ደርሳ በአባቷ ፊት ተንበረከከች።

«ይመርቁን» አለች።

ሣህሉ ተነሥቶ ቆመ። እጁን በሁለቱም ራስ ላይ ዘረጋ። «ቤታችሁ በር ያለው ቤት ይሁን። የሚመጣው ሳያንኳኳ ይግባ፤ ያንኳኳም እንደሆነ አንድ ጊዜ ይብቃው። ስትጠራሩ ቶሎ ተሰማሙ። ልጆቻችሁ ባወጣችሁላቸው ስም ይጠሩ።» ዳሱ ሁሉ «አሜን» አለ። ባለ ጥላም ሳያውቀው «አሜን» አለና ጥላው ቆመ።

ሊቀ መስኮት አንዳርጌ ግን ከካባቸው ውስጥ ሣህሉ ሳይፈርም የላከላቸውን ሁለተኛውን ወረቀት አወጡ። «ምርቃቱ መልካም ነበር» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። «ግን ያለሥልጣን በግልባጭ የተሰጠ ነው። እዚህ ላይ ይፈርሙና ዛሬውኑ ይጽና፤ ልጅዎም እንግዳ አትባል። አንዲት ፊርማ ናት።»

ሣህሉ ወደ ትርንጎ አየ። ትርንጎ ከመሬት ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ ታራግፍ ነበር፤ ይፈርሙም፣ አይፈርሙም አላለችውም።

ወረቀቱን አጥፎ ለሊቀ መስኮት መለሰላቸው።

ትርንጎ በባሏ ቤት እንግዳ ተብላ ተጻፈች፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ወደ ግንቡ ሄዳ እንግድነቷን ታሳድሳለች። ሣህሉ አብሯት ይሄዳል። ሰሌዳውን የምትመታው እሷ ናት፤ እሱን ሰልፈኛው እጁን እንዲያጣምር ይነግረዋል፣ እሱም ያጣምራል። በየዓመቱም ያ ወረቀት ይቀርብለታል፤ በየዓመቱ ያነበዋል፣ በየዓመቱ ይመልሰዋል።

አምስት ጊዜ ማንኳኳቱን ተቀብሏል። ጥፋቱ የጌጤ ሳይሆን የራሱ ችኮላ መሆኑን ተቀብሏል። ሰው ሲያልፍ «አምስቱ ሣህሉ መጡ» እያለ ሲሥቅበት ተቀብሏል፤ አንዳንዴም «አራቱ ታመው ቀርተዋል» ብሎ አብሮ ይሥቃል። በመዝገቡ ሳሕሉ ተብሎ መጻፉን ተቀብሏል። ልጁ በገዛ ቤቷ እንግዳ የተባለችው በእሱ ግትርነት መሆኑን፣ ይህንንም፣ ከሁሉ ቢከብደውም፣ ተቀብሏል።

ግልባጭ መሆኑን ግን አልተቀበለም።